ኮምፒውተር በራሳችሁ ከመገጣጠማችሁ በፊት፦ ዕቃዎቹ ለምን ይገጥማሉ?

የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተሩን በራሱ ለመገጣጠም የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «የቱን ልግዛ?» ጥያቄው ትክክል ነው። የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፣ የዕቃው ዓይነት ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከእሱ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለመሆኑ እነዚህ ዕቃዎች ለምንድን ነው እርስ በርሳቸው የሚገጥሙት?

እስቲ አስቡት። ፕሮሰሰሩን የነደፈው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ማዘርቦርዱ የታይዋን ነው። ራሙ ላይ ያሉት ቺፖች ከደቡብ ኮሪያ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት የማታውቁት ፋብሪካ ሠርቷቸው ይሆናል። እነዚህ ፋብሪካዎች ስለ እናንተ ኮምፒውተር ተነጋግረው አያውቁም። እናንተ ግን አንድ ካቻቢቴ ይዛችሁ በግማሽ ቀን ውስጥ ሥራቸውን አንድ ታደርጉታላችሁ። የስልካችሁን ካሜራ አውጥታችሁ የሌላ ኩባንያ ካሜራ ግጠሙ ብትባሉ ግን አትችሉም። የብዙ ላፕቶፖችም ነገር ያው ነው።

ይህ ነፃነት ከቴክኖሎጂው ባሕርይ የመጣ አይደለም። በተወሰኑ ዓመታት፣ ከተወሰኑ ኩባንያዎች ጥድፊያ፣ ፉክክርና ጥቅም የተገኘ ነው። ታሪኩን ማወቅ ኪስንም ይጠብቃል። ለምን ቢባል፣ ስምምነቱ የጸናበት ዕቃ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተሻገረ ያገለግላል፤ ስምምነቱ የፈረሰበት ዕቃ ግን ሲቀየር ሌላውንም ይዞ ይወጣል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ታሪኩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥድፊያ የከፈተው በር

ኮምፒውተርን በራስ መገጣጠም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር። በ1975 ኤምአይቲኤስ የተባለ የኒው ሜክሲኮ ኩባንያ አልቴር 8800 የሚባል ኮምፒውተር ሳይገጣጠም፣ ቁርጥራጩን በካርቶን አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ያኔ «ገጠምኩት» ማለት ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሳልደር መበየድ ማለት ነበር። አልቴር ካርዶች የሚሰኩበት ባለ 100 ፒን መስመር ነበረው፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ለዚያ መስመር የሚሆን ካርድ መሥራት ጀመሩ። ሐሳቡ ተወልዶ ነበር ማለት ነው፤ ዓለም ሁሉ እንዲከተለው ያደረገ ግን ገና አልተገኘም።

ያንን ያደረገው አይቢኤም ነው፤ ያውም ሳያስበው። አይቢኤም የሚታወቀው ሁሉን በራሱ በመሥራት ነበር። በ1980 ግን የግል ኮምፒውተር ገበያ እያመለጠው መሆኑን አየ። ስለዚህ ፍሎሪዳ፣ ቦካ ራተን ለሚገኝ አንድ ትንሽ ቡድን ማሽኑን እንዲያደርስ አንድ ዓመት ያህል ሰጠው። በአንድ ዓመት ሁሉን ከባዶ መንደፍ አይቻልም። በዶን ኤስትሪጅ የሚመራው ቡድን ገበያ ላይ ያለውን መግዛት ያዘ፤ 8088 የሚባለውን ፕሮሰሰር ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት። በኦገስት 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር የሆነ ማሽን ነበር።

ከፍጥነቱ ይልቅ ለእኛ ታሪክ የሚጠቅሙት ሦስት ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሌሎች ኩባንያዎች ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ስሎቶች ተተው። ሁለተኛ፣ አይቢኤም የማሽኑን ሰርኪዩት ሥዕል ጭምር የያዘ የቴክኒክ መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ፤ ካርድ መሥራት የፈለገ ሁሉ መጽሐፉን ገዝቶ መነሳት ይችላል። ሦስተኛ፣ አይቢኤም ፕሮሰሰሩን ከአንድ ፋብሪካ ብቻ መግዛት አልፈለገም፤ ያ ፋብሪካ ቢያቋርጥበት ሥራው ይቆማላ! በዚህ የተነሳ ኢንቴል በ1982 ከኤኤምዲ ጋር ተፈራረመና ኤኤምዲም ያንኑ የቺፕ ቤተሰብ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ሱቅ በር ላይ «ኢንቴል ይሻላል ኤኤምዲ?» ተብሎ የሚደረገው ክርክር ሥሩ እዚያ ነው።

መቆለፊያው እንዴት ተከፈተ?

አይቢኤም ይህን ሁሉ ሲከፍት የሚተማመንበት አንድ መቆለፊያ ነበረው፤ ባዮስ። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳ፣ ሶፍትዌሩን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኝ አጭር ፕሮግራም ነው። ቺፑን ማንም መግዛት ይችላል፤ ባዮሱ ግን በቅጂ መብት የተጠበቀ የአይቢኤም ንብረት ነበር። እንዲያውም ሙሉ ኮዱ በዚያው የቴክኒክ መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ ወጥቷል። መታተሙ ተፎካካሪን የሚረዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው በኋላ ተመሳሳይ ኮድ ቢጽፍ «ገልብጠህ ነው» ተብሎ ለመከሰስ ይጋለጣል።

በ1982 ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የወጡ ሦስት ሰዎች፣ ሮድ ካንየን፣ ጂም ሃሪስና ቢል መርቶ፣ ሂውስተን ውስጥ ኮምፓክን መሠረቱ። መፍትሔያቸው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነበር። አንደኛው ወገን የአይቢኤምን ባዮስ ያጠናል፤ ነገር ግን ኮድ አይጽፍም። «ይህ ጥያቄ ሲመጣ ይህን መልስ ይሰጣል» እያለ ባሕርይውን ብቻ ይመዘግባል። ሁለተኛው ወገን የአይቢኤምን ኮድ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ነው፤ መዝገቡን ብቻ ይዞ የራሱን ኮድ ከባዶ ይጽፋል። ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ስለዚህ ውጤቱ ሕጋዊ ሆነ።

የኮምፓክ ማሽን በ1983 ገበያ ላይ ዋለና በዚያው ዓመት 111 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ኮምፓክ ግን ባዮሱን ለራሱ ያዘው። በሩን ለሁሉም የከፈተው ፊኒክስ ቴክኖሎጂስ ነው፤ በዚያው ዘዴ የጻፈውን ባዮስ ከ1984 ጀምሮ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፋብሪካ ቺፕ ከኢንቴል፣ ሶፍትዌር ከማይክሮሶፍት፣ ባዮስ ከፊኒክስ ገዝቶ አይቢኤምን የሚመስል ኮምፒውተር ማውጣት ቻለ። ዛሬ ማዘርቦርድ ለብቻው በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

አይቢኤም በሩን ሊዘጋ ሲሞክር

አይቢኤም ዝም ብሎ አላየም። በ1987 ፒኤስ/2 የሚባለውን አዲስ ተከታታይ ሲያወጣ የካርድ መስመሩን ለወጠው። ማይክሮ ቻነል የተባለው አዲሱ መስመር ፈጣንና በደንብ የታሰበበት ነበር፤ እንደ ኢንጂነር ካየነው ከአሮጌው ይበልጣል። ሁለት ችግሮች ግን ነበሩበት። የድሮ ካርዶች አይሰኩበትም፤ ሊሠራበት የፈለገ ኩባንያ ደግሞ ለአይቢኤም የፈቃድ ክፍያ መክፈል አለበት።

በ1988 በኮምፓክ አስተባባሪነት ዘጠኝ ኩባንያዎች ተሰብስበው አይኢሳ የሚባል ሌላ መስመር አቀረቡ፤ አሮጌዎቹን ካርዶች የሚቀበል፣ በአይቢኤም ቁጥጥር ሥር ያልሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው። እውነቱን ለመናገር አይኢሳም ራሱ ከሰርቨሮች ውጭ ብዙ አልተስፋፋም። ዋናው ውጤት ሌላ ነው፦ አይቢኤም የኮምፒውተርን ቅርጽ ለብቻው የመወሰን ሥልጣኑን አጣ። የአይቢኤምን ሙከራ ያከሸፈው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሆን፣ ያሏቸውን ካርዶች መጣል ያልፈለጉ ገዢዎችና ክፍያውን ያልወደዱ አምራቾች ናቸው። ክፍተቱን የሞላው ኢንቴል ነበር፤ በ1992 ፒሲአይን፣ ከዚያም በ2003 ተተኪው የሆነው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መጣ። የምትገዙት ግራፊክስ ካርድ የሚሰካው በዚህ በኋለኛው ነው።

የብሎን ቀዳዳው ታሪክ

ማዘርቦርዳችሁን ኬዙ ላይ ስታሳርፉት ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ ጋር ትክክል ይገጥማሉ። ይህ ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ስምምነት ውጤት ነው። ሙሉ መጠኑ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ ሳይቀየር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከኤቲኤክስ በፊት መገጣጠም አደጋ ነበረው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት ሁለት ተመሳሳይ ሶኬቶች ነበሩ፤ ቦታቸውን አለዋውጦ የሰካ ሰው ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ባለሙያዎች ለጀማሪ የሚነግሩት ደንብ «ጥቁር ሽቦዎቹ መሐል ላይ ይገናኙ» የሚል ነበር። ኤቲኤክስ ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚገባ አንድ ሶኬት ተካቸው። ስህተትን በማስጠንቀቂያ ከመከላከል በቅርጽ መከላከል ይሻላል፤ ጥሩ ንድፍ ማለት ይህ ነው።

ኢንቴል ራሱ በ2004 ቢቲኤክስ በሚባል አዲስ ቅርጽ ሊተካው ሞከረ፤ የአየር ዝውውሩም የተሻለ ተብሎለት ነበር። ገበያው ግን አልተከተለውም፣ ሙከራውም ቀረ። አየነው አይደል? አንድ ስምምነት ሥር ከሰደደ የፈጠረው ኩባንያ እንኳ ሊነቅለው ይቸግረዋል።

የፈረሰው ስምምነት

አንድ ቦታ ላይ ግን ስምምነቱ ፈርሷል፤ ጀማሪ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሶኬት 7 የሚባል የፕሮሰሰር ሶኬት ነበር። አንዱ ማዘርቦርድ የኢንቴልን ፔንቲየም፣ የኤኤምዲን ወይም ሳይሪክስ የተባለውን ሦስተኛ ኩባንያ ቺፕ ሊቀበል ይችል ነበር። ዛሬ ይህ ሕልም ይመስላል።

በ1997 ኢንቴል ፔንቲየም 2ን ሲያወጣ ስሎት 1 ወደሚባል፣ ተፎካካሪዎቹ ወደማይጠቀሙበት የራሱ መሰኪያ ተሻገረ። ኤኤምዲ በ1999 አትሎንን ሲያወጣ ስሎት ኤን ይዞ መጣ። የሚያስገርመው፣ የሁለቱ መሰኪያ በቅርጹ አንድ ዓይነት ነበር፤ በኤሌክትሪክ ግን አይግባቡም። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንደ ድስትና ግጣሙ ሆኑ፤ አንዱን የመረጠ ሌላውንም መርጧል።

ራምም ተጨማሪ ሦስተኛ ሆኖ እዚሁ ይገባል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፤ የመሐል ቁርጣቸው ግን በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር5ን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱን፣ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም፣ እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሯቸው። ፕሮሰሰሩን ዛሬ በቅናሽ፣ ማዘርቦርዱን ከሁለት ወር በኋላ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የሶኬቱን ስም በወረቀት ጻፉት።

ጌም የጨመረው ዕቃ

እስካሁን ስለ ኮምፒውተር አወራን እንጂ ስለ ጌም አላወራንም። በ1993 ዱም ሲወጣ የሚታየውን ሥዕል ሁሉ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነበር። በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ ኩባንያ ቩዱ የሚባል ካርድ አወጣ። ካርዱ የሚሠራው የሦስት ገጽታ ሥዕል ብቻ ስለነበር ተራውን የስክሪን ካርድ አይተካም፤ ሁለቱ ካርዶች ከውጭ በኬብል ይያያዙ ነበር። በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን «ጂፒዩ» ብሎ አስተዋወቀ፤ ቃሉም በዚያው ቀረ።

ለምን የተለየ ዕቃ አስፈለገ? ስሌቱ ቀላል ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 60 ጊዜ ለመሳል ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ማስላት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ብዙም ሳይጠብቅ ሊሰላ ስለሚችል፣ ጥቂት ብልህ ሠራተኞች ከሚይዙት ብዙ ተራ ሠራተኞች ቢካፈሉት ይፈጥናል። ግራፊክስ ካርድ ይኸው ነው። ወደ 3840 በ2160 ስክሪን ብትሄዱ ነጥቦቹ 8,294,400 ይሆናሉ፤ ልክ አራት እጥፍ።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይወጣል፦ ግራፊክስ ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ስክሪናችሁን ወስኑ። የፕሮሰሰሩ ሥራ ደግሞ ከነጥብ ብዛት ይልቅ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። በሰከንድ 60 ሥዕል ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፤ 144 ከፈለጋችሁ 6.9 ብቻ። ትልቅ ስክሪን ካርዱን ያደክማል፤ ፈጣን ስክሪን ደግሞ ካርዱንም ፕሮሰሰሩንም።

ታሪኩን ወደ ግዢ ስንመልሰው

አሁን «የቱን ልግዛ?» ወደሚለው እንመለስ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የምትጫወቱት ጌም፣ ስክሪን፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ከዚያ ሦስቱ የተሳሰሩት (ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም)፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ፣ በመጨረሻ ኬዝ።

ግራፊክስ ካርዱ ስምምነቱ ከጸናባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። አዲስ ካርድ በአሮጌ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ላይ ይሠራል። «ይሠራል» ማለት ግን «እኩል ይሠራል» ማለት አይደለም። ለምሳሌ በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አራት መስመር ብቻ ስለሚጠቀም፣ አራተኛውን ትውልድ በማይደግፍ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል። በርካሽ ካርዶች ላይ የመስመሩን ቁጥር ተመልከቱ።

ራም ስትገዙ 16 ጊጋባይት በአንድ እንጨት ከምትገዙ ባለ 8 ሁለት ግዙ፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያነባል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቆጥበው። የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ ሙሉ ኃይሉ 63.5 ዋት ነበር፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ለብቻው 450 ዋት ይወስዳል። ኃይሉ ሲጨምር በርካሽ የመሠራት አደጋውም ጨምሯል። ደኅና ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሁለት ጊዜ ሲቀየር እንኳ ቦታው ላይ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህ ላይ የወጣ ብር አይባክንም። ዘመድ ከአሜሪካ ዕቃ የሚልክላችሁ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙዎቹ አዳዲሶች ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው ግን ሳትሰኩት በፊት ወደ 230 አዙሩት፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

አገር ውስጥ ብዙ የሚታሰበው ሌላው መንገድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የ1987ቱ ታሪክ እዚህ በትንሹ ይደገማል። አንዳንድ ትልልቅ አምራቾች ለቢሮ በሚሠሯቸው ማሽኖች ላይ ኤቲኤክስን አይከተሉም። ማዘርቦርዱ የራሳቸው ቅርጽ አለው፣ የፓወር ሰፕላዩ ሶኬትም ከተለመደው ባለ 24 ፒን ይለያል። ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር ስትሞክሩ አይገጥምም፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም ላይኖረው ይችላል። ስሎቱ ብቻውን የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ስለዚህ እንደዚህ ላለው ማሽን ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ፈልጉ፣ ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለውን። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱና ሶኬቱን በዓይናችሁ እዩ። ሻጩ ካልከፈተላችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ይህ ነፃነት ለዘላለም የተሰጠ አይደለም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ራሙ በሳልደር ተበይዶ ይመጣል፤ ሲያንሳችሁ መጨመር አትችሉም። ኩባንያዎች በሩን የሚዘጉት አንዳንዴ ለፍጥነትና ለቅጥነት፣ አንዳንዴ ለገቢ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ለመለየት ያስቸግራል። አይቢኤምን በ1987 ያስቆመው «ያለኝን ካርድ የማይቀበል ማሽን አልገዛም» ያለው ገዢ መሆኑን ግን አይተናል። እናንተም ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ዕቃዎች ፊታችሁ ሲቀመጡ «ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ከሌላ ኩባንያ ዕቃ ጋር ልገጥመው እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» የሆነውን ግዙ።